በበረሃ መካከል ያሉ ደኖች እና ያልተመዘገቡት እንጉዳዮቻቸው

በፌብሩዋሪ 2024 ዱክ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወደ 825,000 የሚጠጉ የደረቁ ዕፅዋት፣ አልጌዎችና ፈንገሶች የሚገኙበትን ስብስብ እንደሚዘጋና ናሙናዎቹን ለሌሎች ተቋማት እንደሚያስተላልፍ አስታወቀ። ውሳኔው የዘርፉን ሰዎች ክፉኛ አስቆጣ። ከዘርፉ ውጭ ያለው ሰው ያነሣው ጥያቄ ግን ቀላል ነበር፦ ሁሉም ካሜራ በኪሱ ይዞ በሚዞርበት፣ የዘረመል ንባብም በረከሰበት ዘመን፣ በወረቀት ፖስታ ውስጥ የተቀመጠ ደረቅ እንጉዳይ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄው መልስ ይገባዋል። መልሱ በጥቅሉ ሲነገር ግን ስለማይጨበጥ፣ ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን አንድ ቦታ ላይ አሳርፎ ይመለከተዋል፦ ከደቡብ ምሥራቅ አሪዞና እስከ ሰሜን ሜክሲኮ በበረሃ መካከል ተነጣጥለው በቆሙት ባለደን ተራሮች ላይ። በእነዚህ ተራሮች የዱር ፈንገሶችን መሰብሰብና መመዝገብ ለምን እንደሚከብድ፣ ለምን እንደሚያከራክርና ጊዜው ለምን እንደሚያጥር ማየት ለጥያቄው መልስ ያቀርባል። ዓመታቱና ወሮቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የሰማይ ደሴቶች

ቱሳን የተባለችው የአሪዞና ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 730 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ ሳዋሮ የሚባለው ግዙፍ ቁልቋል የሚበቅልበት የሶኖራ በረሃ ነው፤ ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 300 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከከተማዋ በስተሰሜን የሚነሣው የሳንታ ካታሊና ሰንሰለት ግን በሌመን ጫፉ 2,790 ሜትር ይደርሳል። የአየር ሙቀት በየሺህ ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀንስ፣ በመኪና አንድ ሰዓት በሚፈጀው ዳገት ላይ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በላይ ይወርዳል፣ ዝናቡም ከእጥፍ በላይ ይጨምራል።

ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያለ አገር ለሚከፍል አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። እዚህ ልዩ የሚያደርገው እርከኖቹ ሁሉ በአንድ ተራራ ጎን ላይ ተደራርበው መገኘታቸው፣ ተራራውንም በረሃ እንደ ባሕር መክበቡ ነው። ከሥር ቁልቋልና እሾሃማ ቁጥቋጦ አለ፤ ከፍ ሲሉ የኦክ ዛፎች ይመጣሉ፤ ቀጥሎ ፖንደሮሳ የተባለው ረጅም ፓይን ይነግሣል፤ ጫፉ አካባቢ፣ በተለይ ወደ ሰሜን በሚያየው ጥላማ ጎን፣ የቀዝቃዛ አገር ዛፎች የሆኑት ዳግላስ ፈርና ዘመዶቹ ይቆማሉ። ፎረስት ሽሪቭ የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ይህን ድርድር ከአየር ንብረቱ ጋር አያይዞ ያሳተመው በ1915 ነበር።

እንዲህ ያሉ ከ50 በላይ ሰንሰለቶች አሉ። «የሰማይ ደሴቶች» የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚሁ ከተነጣጠለ አቀማመጣቸው ነው። ሁልጊዜ ግን ደሴት አልነበሩም። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የዛሬው ደን በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ በረሃ በሆነው መሬት ላይ ተዘርግቶ ነበር። ይህን ከነገሩን ምስክሮች አንዱ አይጥ ነው፦ ፓክራት የምትባለው አይጥ ከአካባቢዋ እየለቀመች በዋሻ ውስጥ ያከማቸችው ቅጠልና ፍሬ በሽንቷ ተጣብቆ ለአሥር ሺዎች ዓመታት ሳይበሰብስ ቆይቷል። ሳይንቲስቶች ክምሩን እየፈለጡ የትኛው ዛፍ መቼ የት እንደነበረ አንብበዋል። አየሩ ሲሞቅ ደኑ ወደ ላይ ሸሸ፤ ዳገቱን ይዞ የወጣው ሕይወትም ከሌላው ተራራ ዘመዱ ተቆረጠ።

ፈንገሶችም አብረው ወጥተዋል። የእነሱ መቆረጥ ግን ምን ያህል እንደሆነ ክርክር አለበት። በአንድ በኩል ስፖር፣ ማለትም ፈንገስ የሚራባበት በዓይን የማይታይ ብናኝ፣ በነፋስ ሩቅ ሊጓዝ ይችላል፤ ስለዚህ በረሃው አጥር አይሆነውም የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል አብዛኛው ስፖር ከተነሣበት ብዙም ሳይርቅ ይወድቃል፤ ቢደርስ እንኳ የሚጣመረውን ዛፍ ካላገኘ አይጸናም። ሁለቱም ክርክሮች ለየዝርያው የተለያየ እውነት እንዳላቸው መገመት ይቻላል። ለመለየት ግን በአንዱ ተራራ ያለውን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፣ ለማነጻጸር ደግሞ ቀድሞ የተመዘገበ ነገር መኖር አለበት።

ዝናቡ ሲመጣ

እነዚህ ተራሮች ዝናባቸውን ከሁለት ወቅት ያገኛሉ፦ ከቀዝቃዛዎቹ ወራትና በሞቃታማዎቹ ወራት ከሚመጣው ሞንሱን። ሞንሱን ማለት ነፋስ ወቅትን ተከትሎ አቅጣጫውን ሲለውጥ እርጥበት እየነዳ የሚያመጣው ዝናብ ነው። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ወቅቱን ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ብሎ ይቆጥረዋል፤ ተራሮቹ ላይ ነጎድጓዱ የሚበረታው ግን በጁላይና በኦገስት ነው። እንጉዳዩ ከጥሩ ዝናብ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይከተላል።

ወቅቱ አጭር ከመሆኑም በላይ አይታመንም። ቱሳን በ2020 ሞንሱን ያገኘችው ዝናብ ከ50 ሚሊ ሜትር በታች ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በዚያው ወቅት፣ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ። በደረቁ ዓመት ተራራውን የዞረ ሰው «እዚህ ብዙ ፈንገስ የለም» ብሎ ቢመለስ አይፈረድበትም። ፈንገሱ ግን በሁለቱም ዓመታት እዚያው ነበር። ልዩነቱ ፍሬ ማውጣትና አለማውጣቱ ብቻ ነው።

ዛፉ ከመሬት በታች፣ ፍሬው ከላይ

ብዙ ግራ መጋባት የሚመነጨው እዚህ ላይ ነው። «እንጉዳይ» ወይም «የጅብ ጥላ» ብለን የምንጠራው ነገር የፈንገሱ ፍሬ እንጂ ሙሉ አካሉ አይደለም። አካሉ ማይሴሊየም ይባላል፤ በአፈር፣ በእንጨት ወይም በቅጠል ውስጥ የተዘረጋ የቀጭን ክሮች ድር ነው። ፍሬው ለጥቂት ቀናት ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ ድሩ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ፈንገስ ከእንስሳትም ከዕፅዋትም ያልሆነ የራሱ ክፍል ነው፤ በዝምድና ሲታይ እንዲያውም ከዕፅዋት ይልቅ ወደ እንስሳት ይቀርባል።

በእነዚህ ደኖች ውስጥ የሚሠራው ሥራም አንድ ዓይነት አይደለም። የወደቀን ግንድ ወደ አፈር የሚመልሱ አሉ። ከዛፍ ሥር ጋር ተጠምደው ውኃና ማዕድን እየሰጡ በለውጡ ስኳር የሚቀበሉ አሉ፤ ይህ ጥምረት ማይኮራይዛ ይባላል፣ ፖንደሮሳ ፓይንም ኦክም ያለሱ ደህና አድርገው አያድጉም። በተጨማሪ ኤንዶፋይት የሚባሉ፣ በጤነኛ ቅጠል ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳዩ የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ። እነዚህ ፍሬያቸው በዓይን ስለማይታይ እንጉዳይ ለቃሚ መቼም አያገኛቸውም፤ የሚገኙት ቅጠሉ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ነው።

በዓለም ዙሪያ ስም ያገኙት የፈንገስ ዝርያዎች ወደ 155,000 ይጠጋሉ። ጠቅላላ ቁጥራቸው ግን በግምት ከሁለት እስከ አራት ሚሊዮን ይደርሳል ተብሎ ይታሰባል። ግምቱ ሰፊ መሆኑ ራሱ ይናገራል። ያም ሆኖ ያልታወቀው ሁሉ ራቅ ባለ ጫካ ተደብቆ የተቀመጠ እንዳይመስለን። ብዙው በሌላ ዝርያ ስም እየተጠራ በፊታችን ያለ ነው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ቦሌተስ ነው፤ ከቆቡ በታች በሽንሽን ፈንታ ደቃቅ ቀዳዳዎች ያሉት፣ እግሩ ወፍራም የሆነ፣ በለቃሚዎች ዘንድ በጣም የሚፈለግ ወገን። በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ፖንደሮሳ ሥር የሚወጣው ነጭ ቆብ ያለው ቦሌተስ ለረጅም ጊዜ የታወቀው የአውሮፓ ዝርያ ነጭ መልክ ነው ሲባል ኖረ። ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ቦሌተስ ባሮውሲ የሚል ስም ያገኘው በ1976 ነው። በዚያው ቀጠና ቀይ ቆብ ያለው ሌላው ዘመዱ በአውሮፓ ስም ሲጠራ ቆይቶ ቦሌተስ ሩብሪሴፕስ የተባለው በ2014 ነበር። ሰው በቅርጫት እየለቀመ፣ እየጠበሰ የሚበላው፣ ከጭብጥ የሚተልቅ እንጉዳይ ትክክለኛ ስሙን ለማግኘት ይህን ያህል ዘመን ከጠበቀ፣ የጥፍር ስፋት ያላቸው ቡናማዎቹ ወረፋ የት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከጫካ እስከ መሳቢያ

መሰብሰብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቅርጫትና ቢላዋ ነው። ለመዝገብ የሚሰበሰብ ናሙና ግን የሚጀምረው ገና ሳይነቀል ነው። መጀመሪያ በቆመበት ፎቶ ይነሣል፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከቆቡ ሥር። ከዚያ ዙሪያው ይጻፋል። ከአፈር ነው የወጣው ወይስ ከእንጨት? እንጨቱስ የምን ዛፍ ነው? በአሥር እርምጃ ክልል ውስጥ የትኞቹ ዛፎች አሉ? ፖንደሮሳና ኦክ ተደባልቀው በሚቆሙበት ወገብ ላይ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ ፈንገሱ ከየትኛው ሥር ጋር እንደተጣመረ ከላይ ሆኖ መለየት አይቻልም፣ ስለዚህ ሐቀኛ መዝጋቢ ሁለቱንም ይጽፋል። ከፍታ፣ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ቀንና የሰብሳቢው መለያ ቁጥር ይጨመራሉ።

ሲነቀል ከሥሩ ተቆፍሮ ነው። በቢላዋ ከአፈር በላይ የቆረጠ ሰው ለመለያ የሚሆነውን ዋና ክፍል መሬት ውስጥ ጥሎት ሊሄድ ይችላል፤ ገዳዮቹ የአማኒታ ዝርያዎች የሚታወቁበት ከረጢት መሰል ሽፋን ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ነው ያለው። የተነቀለው በወረቀት ይጠቀለላል፤ በፕላስቲክ ከተቋጠረ ያልበዋል፣ ማምሻውን ይበሰብሳል። ሽታው፣ ሲጨመቅ የሚለውጠው ቀለም፣ ቅባቱ ወይም ድርቀቱ ወዲያው መጻፍ አለበት፤ ሲደርቅ እነዚህ ሁሉ ይጠፋሉ። በእነዚህ ተራሮች ተጨማሪ ባለጋራ አለ፦ በሞንሱን ሙቀት ቦሌተስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትል ይበላዋል፣ ስለዚህ ጠዋት የተለቀመው ማታውኑ ማድረቂያ ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

ቤት ሲደርስ ቆቡ ተቆርጦ በወረቀት ላይ ይደፋል፤ በማግሥቱ ስፖሩ ቀለሙን ጥሎ ይገኛል። ነጭ፣ ሮዝ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር መሆኑ ብቻ ብዙ ግምቶችን ከጨዋታ ያወጣል። የሩዝ ፍሬ የምታክል ሥጋ ለዘረመል ምርመራ ተለይታ ትቀመጣለች። የቀረው በ40 ዲግሪ አካባቢ በቀስታ ይደርቃል፤ ሙቀቱ ከበዛ ዘረመሉም የስፖሩ ገጽታም ይጎዳል። እንደ ብስኩት ቀጭ ሲል በፖስታ ይታሸጋል፣ ነፍሳት እንዳይበሉት ለቀናት በበረዶ ማቀዝቀዣ ይቆያል፣ ከዚያ በቁጥሩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

የሚገባበት ቤት ለዕፅዋት ሲሆን ሄርባሪየም፣ ለፈንገስ ብቻ ሲሆን ፈንጋሪየም ይባላል። በዓለም ትልቁ በለንደን ኪው የሚገኘው ነው፤ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ናሙና አለው። ለሰማይ ደሴቶቹ ቅርብ የሆነው በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ያለውና በሮበርት ጊልበርትሰን ስም የተሰየመው ስብስብ ነው። ጊልበርትሰን ለአሥርተ ዓመታት የሠራው እንጨት በሚያበሰብሱ ፈንገሶች ላይ ስለነበር፣ በግንድና በበረሃ ቁጥቋጦ ላይ የሚበቅሉት ፈንገሶች ብርቱ ጠበቃ አግኝተዋል። ይህ ስለ ስብስቦች አንድ ነገር ያስተምራል፦ መሳቢያው የሚያሳየው ተራራውን ብቻ ሳይሆን የሰብሳቢውንም ፍላጎት ነው። የሌለው ሁሉ አልተገኘም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ የሚፈልገው ሰው ያጣ ነው።

ፎቶ፣ ዘረመል፣ ፖስታ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በ2008 የተጀመረው አይናቹራሊስት የተባለው መድረክ ማንም ሰው ፎቶ እንዲያስገባ፣ ሌሎችም ስም እንዲጠቁሙለት ያስችላል። ጠቀሜታው የማይካድ ነው። አምስት ባለሙያ በአሥር ዓመት የማይዞረውን ሸለቆ ተራ መንገደኞች በአንድ ሞንሱን ይዞሩታል፤ መቼና የት ምን እንደወጣ የሚያሳየው ካርታም ከማንኛውም መሳቢያ ፈጥኖ ይታደሳል። ፎቶ ብቻውን ይበቃል የሚሉት ሰዎች መነሻቸው ይህ ነው፣ ለወፍና ለአበባ ሲሆንም ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው።

ለፈንገስ ሲሆን ግን ችግር ይመጣል። ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎችን የሚለየው የስፖር ቅርጽ በማይክሮስኮፕ እንጂ በስልክ አይታይም። ሰዎች በብዛት የተስማሙበት ስምም ስህተት ሊሆን ይችላል፤ ከላይ እንዳየነው ባሮውሲ ስሙን እስኪያገኝ ድረስ የተስማሙበት በሙሉ ተሳስተው ነበር።

ዘረመሉስ? ተመራማሪዎች በ2012 አይቲኤስ የተባለውን አጭር የዘረመል ክፍል የፈንገሶች ሁሉ «ባርኮድ» እንዲሆን በይፋ አቅርበዋል። ባርኮድ የተባለው የዕቃ መለያ ቁጥር እንደሚነበብ ሁሉ ይህም ዝርያን በንባብ ስለሚለይ ነው። ሥራውን በእርግጥ አፍጥኖታል። ግን ሁለት ገደብ አለበት። አንዳንድ ቅርብ ዘመዳሞችን አይለይም። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ደግሞ የሚነጻጸርበት ነገር መፈለጉ ነው፦ የተነበበው ፊደል በመረጃ ቋት ውስጥ ካለው ጋር ሲገጥም፣ በዚያ ያለው ስም የተሳሳተ ከሆነ ስህተቱ አብሮ ይወረሳል። የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚፈርደው ስሙ የተሰጠበት የመጀመሪያው ናሙና ነው። ያ ናሙና ታይፕ ይባላል፣ ያለውም ፖስታ ውስጥ ነው።

ክርክሩ በባለሙያዎች መካከልም የጦፈ ነው። ከአፈር በቀጥታ ዘረመል ሲነበብ ማንም ፍሬያቸውን ያላየላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ፈንገሶች ይገኛሉ። እነዚህ በዘረመል ፊደላቸው ብቻ ስም ይሰጣቸው የሚሉ ተመራማሪዎች ጉዳዩን በ2018 በሳን ሁዋን፣ ፖርቶሪኮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የፈንገስ ሳይንስ ጉባኤ አቅርበው አልጸደቀላቸውም። የደጋፊዎቹ ክርክር ከበድ ያለ ነው፦ ናሙና የማይገኝለትን ሁሉ ስም ከከለከልነው አብዛኛው የፈንገስ ዓለም ለዘለዓለም ስም አልባ ይሆናል። የተቃዋሚዎቹም እንዲሁ፦ የማሽን ንባብ ስህተት ይፈጥራል፣ የሌለ ዝርያም ሊወልድ ይችላል፣ የሚመለሱበት አካል ከሌለ ማን ያርመዋል? ለዚህ ጸሐፊ ሁለተኛው ያመዝናል። ምክንያቱም ደረቁ ናሙና ገና ያልተፈለሰፈ ዘዴ እንኳ ሊመረምረው ይችላል። ባሮውሲ በ1976 ስሙን ሲያገኝ ማንም ዘረመሉን ሊያነብ አላሰበም ነበር፤ ዛሬ ይነበባል። ፎቶም ሆነ ፊደል ግን በተወሰደበት ቀን ከተጠየቀው ጥያቄ ያለፈ ብዙ አይመልስም።

ከዚህ አንጻር የዱክ ውሳኔ አሳሳቢ የሚሆነው ናሙናዎቹ ስለሚጣሉ አይደለም፣ ይተላለፋሉ ተብሏል። ስብስብ ግን ከሰው ጋር ነው የሚሠራው። መሳቢያው የቱ ጋ እንዳለ፣ የትኛው መለያ ቁጥር የማን የእጅ ጽሑፍ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ፖስታው ተቆልፎበት ይቀመጣል።

መልቀም ይጎዳል?

ናሙና ሰብሳቢዎች ዘወትር የሚሰሙት ወቀሳ ደኑን ያራቁታሉ የሚል ነው። በዚህ ላይ ጠንካራ ከሚባሉት ማስረጃዎች አንዱ የመጣው ከስዊዘርላንድ ነው። እዚያ ከ1975 ጀምሮ ለ29 ዓመታት በተደረገ ክትትል፣ እንጉዳይ የተለቀመበትና ያልተለቀመበት መሬት ሲነጻጸር መልቀሙ በቀጣይ ዓመታት ምርት ላይም በዝርያ ብዛት ላይም ጉዳት አላሳየም። ፍሬ ተለቀመ ማለት ድሩ ተነቀለ ማለት አይደለምና። የጎዳው እግር ነው፦ በብዛት የተረገጠው መሬት የሚያወጣው እንጉዳይ ቀንሷል። ይህ ግን በእርጥብ አውሮፓዊ ደን የተገኘ ውጤት ነው። ጫፉ ላይ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ደን በቀረበት ደረቅ ተራራ ላይ እንዳለ መገልበጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቢያንስ የእግር ጉዳዩ እዚያ እንደሚብስ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ሕጉ ይህን ጥንቃቄ በየፊናው ያንጸባርቃል። አንድ ተራራ በብሔራዊ ደን፣ በብሔራዊ ፓርክ፣ በነባር ሕዝቦች ምድርና በግል ይዞታ ሊከፋፈል ይችላል፣ ለእያንዳንዱም ፈቃዱ ሌላ ነው። በሳዋሮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባሉት የሪንኮን ተራሮች ለምርምር የሚወሰድ ናሙና የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የትም ስብስብ ቢቀመጥ ንብረትነቱ የፌዴራል መንግሥቱ ሆኖ ይቀራል። በነባር ሕዝቦች ምድር ፈቃዱ የሚጠየቀው ከራሳቸው አስተዳደር ነው። ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ሌላ ሥርዓት ይጠብቃል። ሜክሲኮ ከዘረመል ሀብት የሚገኝ ጥቅም ከባለአገሩ ጋር እንዲጋራ የሚያዘው የናጎያ ስምምነት አባል ናት፤ አሜሪካ አይደለችም። እንጉዳዩ ድንበር አያውቅም፣ ፖስታው ግን ያውቃል። ስለዚህ የአንዱ ሰንሰለት ሰሜናዊና ደቡባዊ ተራሮች መዝገብ ሳይገናኝ የሚቀርበት ምክንያት ሳይንሳዊ ብቻ አይደለም።

ቦታውን መግለጽ

ሌላው ክርክር የጂፒኤስ ነጥብ ነው። ለሳይንስ ሲሆን ነጥቡ በሜትር ቢለይ ይመረጣል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ዛፍ ማግኘት ይቻላልና። የሚበላ ቦሌተስ የሚወጣበትን ነጥብ ለሕዝብ ማውጣት ግን ብዙ እግር መጥራት ነው፣ የሚጎዳው ደግሞ እግር እንደሆነ አይተናል። የተለመደው መፍትሔ ሙሉውን ነጥብ በመዝገቡ ይዞ ለሕዝብ የሚታየውን ማደብዘዝ ነው፤ አይናቹራሊስትም ሥጋት ላይ ላሉ ዝርያዎች ይህን ያደርጋል።

ከመብል ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። መዝገብ የምግብ መመሪያ አይደለም። በ2023 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ የእንጉዳይ መለያ መጻሕፍት በኢንተርኔት ገበያ ላይ መሸጥ ሲጀምሩ የኒውዮርክ የእንጉዳይ ማኅበር በይፋ ያስጠነቀቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። አማቶክሲን የተባለው የገዳይ እንጉዳዮች መርዝ በመቀቀልም በማድረቅም አይጠፋም፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከተበላ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ ከዚያ ሻል ያለ ይመስላል፣ በቀናት ውስጥ ጉበት ይወድቃል። ፎቶ ላይ ተመርኩዞ የተሰጠ ስም ለመዝገብ ቢሆን ነገ ይታረማል፤ ለድስት ሲሆን ማረሚያ የለውም።

እሳትና ዳገት

የዚህ ሁሉ ክርክር ሰዓት የሚቆጠረው ግን በሌላ ነገር ነው። በ2003 አስፐን የተባለው ሰደድ እሳት በሳንታ ካታሊና 34,000 ሄክታር ገደማ አቃጠለ። በ2020 በመብረቅ የተነሣው ቢግሆርን እሳት በዚያው ሰንሰለት ወደ 48,500 ሄክታር በላ። በቺሪካዋ ተራሮች በ2011 የተቃጠለው ወደ 90,000 ሄክታር ነው።

እሳት ሁሉ ጠላት አይደለም። ፖንደሮሳ ዝቅ ያለና ቶሎ ቶሎ የሚመጣ የሣር እሳት የለመደ ዛፍ ነው፤ ከቃጠሎ በኋላ ብቻ የሚወጡ ፈንገሶችም አሉ፣ አመድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚዘረጉ። ችግሩ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል እሳት ሲታፈን የተጠራቀመው ማገዶ እሳቱን እስከ ዛፍ ጫፍ ማውጣቱ ነው። ፓይኑ በብዛት ሲሞት ቦታውን ብዙ ጊዜ ኦክ ቁጥቋጦ ወይም ሣር ይይዘዋል። ከፓይን ሥር ብቻ የሚጣመረው ፈንገስ ያን ጊዜ የሚሄድበት የለውም፤ ደሴት ላይ ነው፣ ዙሪያው በረሃ ነው።

የምግብ ሰንሰለቱም አብሮ ይናጋል። በፒናሌኞ ተራሮች፣ በግራሃም ተራራ ብቻ የሚኖር ቀይ ሽኮኮ አለ። የዛፍ ፍሬ ሲያንሰው እንጉዳይና ከመሬት በታች የሚወጣውን ትሩፍል ይበላል፣ ስፖሩንም በኩሱ ይበትናል። እንጉዳዩን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎ ማድረቅም ያውቅበታል፤ በዚህስ ከሰው ሰብሳቢ ይቀድማል። በ2017 በዚያ ከተነሣው እሳት በኋላ በተደረገው ቆጠራ የተገመተው ብዛቱ 35 ብቻ ነበር። ስለ ሽኮኮው ይህን ልናውቅ የቻልነው በየዓመቱ ስለሚቆጠር ነው። የሚበላቸውን ፈንገሶች በየዓመቱ የሚቆጥር የለም።

የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በማርች 2025 ሁኔታቸውን የገመገማቸው ፈንገሶች 1,300 ያህል መድረሳቸውን፣ ከእነሱም ቢያንስ 411 የመጥፋት ሥጋት እንዳለባቸው አስታውቋል። ስም ካላቸው 155,000 ጋር ሲነጻጸር የተገመገመው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አንድ ዝርያ ሥጋት ላይ ነው ለማለት ደግሞ ቀድሞ የት የት እንደነበረ ማሳየት ይጠይቃል።

ይህ ምን እንደሚጠይቅ በዚያው ተራራ ላይ ታይቷል። ሮበርት ዊተከር የተባለው የሥነ ምህዳር ሊቅ በ1963 ወደ ሌመን ጫፍ በሚወስደው መንገድ ላይ የትኛው ተክል ከየትኛው ከፍታ እንደሚጀምር መዝግቦ ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በዚያው መንገድ ወጥተው ያገኙትን በ2013 አሳተሙ። ካነጻጸሯቸው 27 የተለመዱ ዝርያዎች 15ቱ የታችኛው ወሰናቸው ወደ ላይ ሸሽቷል። ለዛፉና ለቁጥቋጦው ይህን ማለት የተቻለው አንድ ሰው ቀደም ሲል ወጥቶ ስለጻፈ ነው። በዚያው መንገድ ዳር፣ በእነዚያው ዛፎች ሥር ለሚወጡት እንጉዳዮች ተመሳሳይ ጥያቄ በ2060ዎቹ ቢነሣ፣ የሚነጻጸረው በእነዚህ ጥቂት ሞንሱኖች ደርቆ ፖስታ ውስጥ ከሚገባው ጋር ነው።